የአባዬ የመነሻ ወረቀት

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ፣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሐብሐብ ሲያራግፍ አንዱ ከወዛደሩ እጅ አምልጦ አስፋልቱ ላይ ፈነዳና፣ ከመኪናው ሆድ ይንጠባጠብ ከነበረው ናፍጣ ጋር ሽታው ተቀላቅሎ መጣብኝ። ሰልፈኛው ቀዩ ውሃ ጫማውን እንዳይነካው እግሩን እያነሳ ሲያልፍ፣ እኔ ተራዬ ደርሶ እያለ ሁለት ታክሲ አሳልፌ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ናፍጣና ሐብሐብ አንድ ላይ የሚሸት ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም አባቴ ነው።

አባዬ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ከአዋሽ ወዲያ፣ ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ሐዲድ ላይ፣ የአንዲት ሚጢጢ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ከአንድ ሐዲድ ጠባቂ ጋር ዓመቱን ሙሉ በረሃ ይቀመጥ ነበር። እኛ ደግሞ፣ እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜ ሐሚድና እኔ፣ ኮልፌ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። እማዬ ኮልፌ ገበያ የቅመም መደብ ስለነበራት «እኔ ልጆቼን ከሰው ፍየል በሚበዛበት አገር አላሳድግም» ብላ ገና ስትዳር ቁርጡን ነግራዋለች። አባዬ የድሬዳዋ ልጅ ነውና ብዙ መከራከር አይወድም፤ «አቦ፣ ይሁን» ብሎ በወር አንድ ጊዜ መመላለሱን መረጠ።

በጋ በጋ ቀኑን አይስትም ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው ዓርብ ለገሃር ወርዶ፣ ከዚያ አውቶቡስ ይዞ ወደ ማታ ላይ ይመጣል፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ፌርማታው ጋ ሄጄ፣ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቀው ነበር። ጆንያ ተሸክሞ፣ በጆንያው ውስጥ ሁለት ሐብሐብ ይዞ፣ ካኪ ኮቱ የበረሃ አቧራ ጠጥቶ ይወርድና ሲያቅፈኝ አፍንጫዬ በናፍጣ ይሞላ ነበር። ሁለት ቀን ከእኛ ጋር ሰንብቶ እሑድ ሲመለስ፣ ጆንያው ባዶውን ተጣጥፎ በብብቱ ስር ሲሄድ አይ ነበር። «ጣቢያህ ውሰደኝ» እያልኩ አስቸግረዋለሁ፤ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ በነፃ እንደምትሳፈር ከሐሚድ ሰምቻለሁ። አባዬም ሁልጊዜ «ለሚመጣው በጋ» ይለኝ ነበር።

ክረምት ግን ጠላቴ ነበር። በረሃው ውስጥ ጎርፍ ሐዲዱን ይቆርጠውና አንዳንዴ ሁለት ወር ሙሉ አባዬ አይመጣም፤ እኔ ግን ዓርብ ዓርብ ድንጋዩ ላይ ከመቀመጥ አልቦዝንም ነበር። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ሲመጣ ሰው አፍንጫውን በነጠላው እየሸፈነ ያልፋል፣ እኔ ግን የናፍጣ ሽታ እንዳያመልጠኝ አልሸፍንም። ጓደኛ አልነበረኝም ማለት ይቻላል፤ የሰፈሩ ልጆች ገመድ ሲዘሉ አባቴ አጠገቤ ስለሌለ ይመስል ዳር ቆሜ ነበር የማያቸው፣ ምክንያቱን ዛሬም አላውቀውም። መጨረሻ ላይ በስምንት ዓመት የሚበልጠኝ ሐሚድ ጃንጥላ ይዞ ይመጣና «ተነሺ ሙኒ፣ ዛሬ ባቡሩ አይገባም» ብሎ እጄን ይዞ ይወስደኝ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ፣ መስከረም ሲጠባ፣ አባዬ ቀኑ ሳይደርስ መጣ። ጆንያ አልነበረም። ሻንጣውን፣ ፍራሹን፣ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራውን፣ እንዲሁም ጀርባው በጨርቅ የተለጠፈ ትልቅ መዝገብ ታክሲ ላይ ጭኖ ነው የመጣው። ባቡሩ ቆሟል፣ ጣቢያዋም ተዘግታለች። እኔ ለዘላለም ከእኛ ጋር ሊኖር ነው ብዬ ጮቤ ስረግጥ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገብቶት ነበር። እማዬ ወንበር ሰጠችው፤ ሳምንት ሙሉ ከዚያች ወንበር ሳይነሳ ግድግዳውን ሲያይ ከረመ።

ከሳምንት በኋላ ጠረጴዛውን ወደ በሩ አስጠግቶ መዝገቡን ዘረጋ። ሐዲዱ አንድ ብቻ እንደነበረ፣ የሚሄደውም የሚመጣውም ባቡር በእሱ ላይ እንደሚያልፍ፣ የጣቢያ ኃላፊ ሥራው ሁሉ ከዚህ እንደሚጀምር ያስረዳኝ ያኔ ነው። «አንዱን ከመልቀቄ በፊት ለወዲያኛው ጣቢያ እደውላለሁ፤ የቀደመው ደርሷል ወይ እላለሁ። ደርሷል ካሉኝ ለነጂው ‹መንገዱ ነፃ ነው› ብዬ ወረቀት እጽፍለታለሁ። አልደረሰም ካሉኝ ንጉሥም ተሳፍሮ ቢሆን አይንቀሳቀስም» አለኝ። ከዚያም ትንሽ ወረቀት ቀደደና «ሙና፤ መነሻ ቤት፤ መድረሻ ትምህርት ቤት፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ መንገዱ ነፃ ነው» ብሎ ጽፎ ፈረመበት።

ጨዋታ መስሎን ነበር፤ ግን ጨዋታ አልነበረም። ከቤት የሚወጣ ሁሉ ወረቀት ይዞ ይወጣል፣ ሲመለስ ወረቀቱን አስረክቦ «ደርሻለሁ» ይላል፣ አባዬም ሰዓቱን መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ማታ አንድ ሰው ከዘገየ ሌላው ለሱቅ እንኳ መውጣት አይፈቀድለትም ነበር። አንድ ቀን ሐሚድ ከኳስ ሜዳ ስላልተመለሰ እማዬ ለቅሶ ቤት ሳትሄድ ቀረችና ቤቱ ተናጋ።

«ሰውዬ፣ እኔ ፉርጎ ነኝ?» አለችው።

«አንድ ቀርቷል» አላት፣ ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሳ።

«ዓመል ያወጣል ከመሃል አሉ! ጎረቤት እኮ መሳቂያ አደረገን» አለች፤ ነጠላዋን ወርውራ ተቀመጠች።

እውነቷን ነው፣ ጎረቤት ይስቅብን ነበር። ማታ ማታ አባዬ መንገዱ አፍ ላይ ሲቆም፣ ከመስጊድ የሚመለሱት ወንዶች «ጋሽ ኢድሪስ፣ ባቡሩ ገባ?» ይሉታል። እሱ ቀልዱ አይገባውም ወይም እንዳልገባው ይሆናል፤ «አንድ ቀርቷል» ወይም «ሁሉም ገብቷል፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ በቁም ነገር ይመልሳል። ሐሚድ በወረቀቱ ያፍር ነበር፤ የሚሠራበት ብየዳ ቤት ጓደኞቹ እንዳያዩበት አጣጥፎ ካልሲው ውስጥ ይከተዋል። እኔ ግን እወደው ነበር። ስንት ዓመት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰው የጠበቅኩት ልጅ፣ አሁን የምጠበቀው እኔ ሆንኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የመጨረሻዋን ዳገት እሮጣት ነበር፣ «ደርሻለሁ» ለማለት።

በተከታዩ በጋ፣ ጥር ላይ፣ ሐሚድ ጓሮ ጫማውን ሲያጥብ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። ግራና ቀኙን አይቶ «ሙኒ፣ ነገ ወደ ጅቡቲ ነኝ። ከዚያ በጀልባ እሻገራለሁ። ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ ስደርስ እደውላለሁ» አለኝ። ጅቡቲ የባቡሩ መጨረሻ እንደሆነች ስለማውቅ፣ አባዬ የሚያውቀው መንገድ ነው ብዬ ብዙም አልፈራሁም። «ወላሂ በይ» አለኝ። «ወላሂ» አልኩ።

ጠዋት አባዬ እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሐሚድ መርካቶ ብረት ሊገዛ እንደሚሄድ ነገረው። አባዬ ቀና ብሎ ከእግር እስከ ራሱ አየውና ትንሽ ቆይቶ «ሐሚድ፤ መነሻ ቤት፤ መድረሻ መርካቶ፤ አንድ ሰዓት ተኩል፤ መንገዱ ነፃ ነው» ብሎ ጻፈ። እኔ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይቀር ነበር፤ አልተናገርኩም። ሐሚድ ሲያልፍ ፀጉሬን በጣቱ በጠበጠና ወጣ።

ማታ አባዬ መንገዱ አፍ ላይ ቆመ። የሚስቁት ሰዎች አልፈው ሄዱ፣ የሚጠይቁትም አለቁ። በማግስቱ ከቤት የወጣ የለም፤ እማዬ መደቧን አልከፈተችም፣ እኔም አልተማርኩም። ሦስተኛው ቀን ላይ ከብየዳ ቤት አንድ ጓደኛው መጥቶ ወደ ጅቡቲ መሄዱን ነገረን። እማዬ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ደረቷን ስትደቃ፣ አባዬ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ያን መስመር ሲያነበው አየሁት። መነሻው ተጽፏል፣ የመድረሻው ሰዓት ባዶ ነው።

ስልክ አልመጣም። በልጉም፣ ክረምቱም፣ ሌላው በጋም እንዲሁ አለፈ። እማዬ ወደ ገበያዋ ተመለሰች፣ እኔም ወደ ትምህርቴ፤ አባዬ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለማናችንም ወረቀት ጽፎ አያውቅም። «ደርሻለሁ» ስለው ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል እንጂ ብዕሩን አያነሳም፤ መዝገቡም ያው ገጽ ላይ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ዓመታት ተቀመጠ። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ የሐሚድን ምስጢር በሆዴ ይዤ ያን ባዶ ቦታ ስጠርግ ኖርኩ፤ ልጅነቴ ያለቀው እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ነው ብል አልዋሽም። ሦስት ሆነን እየኖርን እያንዳንዳችን ብቻችንን ነበርን።

አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ ድሬዳዋ ደረሰኝ። እማዬ እልል ማለት ጀምራ የአባዬን ፊት አይታ አቆመች።

«ምን ትላለህ?» አለችው።

«ሐሚድ አልደረሰም» አለ።

«እኔ ባቡር አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ አባቴ ላይ የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አልተቆጣኝም፤ እንዲያውም ትክክል ነሽ እንደሚል ሰው አንገቱን ደፋ፣ ሂጂም ግን አላለኝም። ክረምቱ እስኪያልቅ ቤታችን ውስጥ ከዝናቡ በስተቀር የሚናገር አልነበረም። ያለ እሱ ቃል መሄድ እንደምችል አውቃለሁ፤ ግን እሱ ሳይለቀኝ ይህን ያህል ርቄ የሄድኩ ቀን እሱ ከወንበሩ ዳግመኛ እንደማይነሳ ልቤ ይነግረኝ ነበር።

የመግቢያው ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከበረሃ ከተመለሰ ወዲህ ያልነካውን ካኪ ኮት ለብሶ አገኘሁት። «ስልክ ካልመለሰም ሥርዓት አለው» አለኝ። «በረሃው ውስጥ ሽቦው ሲቆረጥ ባቡር እንዲሁ ቆሞ አይቀርም። አንድ ሰው ባንዲራ ይዞ ከፊት በእግሩ ይሄዳል፣ ባቡሩም በእሱ እርምጃ ቀስ እያለ ይከተለዋል። እኔ ከፊት እሄዳለሁ» ብሎ መዝገቡን ፌስታል ውስጥ ከተተው።

በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን። አዋሽን አልፈን ብዙም ሳንሄድ አባዬ ወራጅ አለና፣ ከአስፋልቱ ወጥተን በእሾህ መሃል ግማሽ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ጣቢያዋ እንዳሰብኳት አልነበረችም። ጣሪያዋ ተነቅሏል፣ ቲኬት የሚቆረጥበት መስኮት እንደ ጎደለ ጥርስ ክፍት ነው፣ ሐዲዱ ላይ ቁጥቋጦ በቅሎ ፍየሎች ይለቅሙታል። የድንጋይ ግንቡ ግን አንዲት ስንጥቅ የለበትም። «እንግዲህ ጣቢያዬ ይህች ናት» አለኝ፣ ቤቱ ሳይጠረግ እንግዳ እንደመጣበት ሰው እያፈረ። በልጅነቴ የለመንኩት ቦታ ደረስኩ፤ ግን ባቡር የለም፣ ሐሚድም የለም። ያኔ መያዝ አቃተኝ።

«አባዬ፣ ሐሚድ መርካቶ እንዳልሄደ አውቅ ነበር። ነግሮኝ ነበር። አስምሎኝ ነበር» አልኩት።

አባዬ መስኮቱ ደፍ ላይ ያለውን አሸዋ በእጁ ጠረገና «እኔም አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ያን ጠዋት ሁለት ሱሪ ደርቦ ነበር የለበሰው። መርካቶ የሚሄድ ሰው ሁለት ሱሪ አይደርብም» አለኝ። አሸዋውን ከመዳፉ አራግፎ ቀጠለ፤ «ብከለክለው በሌላ ቀን ሳይነግረኝ ይወጣል አልኩ። ወረቀት ይዞ ከሄደ ግን ወረቀቱን ሊመልስ ይመጣል ብዬ አሰብኩ። በዚህች ጣቢያ ስኖር አንድ ቀን እንኳ ያልሠራሁትን በልጄ ሠራሁት፤ መንገዱ ነፃ እንዳልሆነ እያወቅኩ ነፃ ነው ብዬ ፈረምኩ። አንቺ ልጅ ነበርሽ። እኔ ነኝ የጣቢያው ኃላፊ።»

ሰባት ዓመት አንዱ ከሌላው ደብቆ የተሸከመው ነገር አንድ ነበር። ጣሪያ የሌላት ጣቢያ ውስጥ ቁጭ ብለን አለቀስን፤ ከዚያ አባዬ ከኮቱ ኪስ ቀዩን ባንዲራ አውጥቶ፣ በሐዲዱ ላይ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን፣ ሐዲዱ ከአስፋልቱ ጋር እስከሚቀራረብበት ድረስ ሄድን። ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው። አልፎ አልፎ ዞሮ መኖሬን ያያል።

ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ድሬዳዋ ስንደርስ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ከሐሚድ መስመር ሥር «ሙና፤ መነሻ ኮልፌ፤ መድረሻ ድሬዳዋ፤ ደርሳለች» ብሎ ጻፈ። ሰዓቱንም አሰፈረ። ከዚያ በኋላ እስክመረቅ ድረስ ማታ ማታ ይደውልልኝ ነበር፤ ሌላ ወሬ አልነበረውም፣ «ገብተሻል?» ይለኛል፣ «ገብቻለሁ» እለዋለሁ፣ ይዘጋዋል።

ካቻምና በጋ ላይ ነው ያረፈው። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ አልጋው እግር ላይ ሳለች፣ እጄን ያዘና «በሐሚድ በኩል ስልኩ አልመለሰም። እንግዲህ እኔ ከፊት ልሂድ» አለኝ። መዝገቡን አምጥቼ እያየኝ ጻፍኩለት፦ አባዬ፤ መነሻ ቤት፤ አሥር ሰዓት ተኩል። የቀረውን ባዶ ተውኩት። «መንገዱ ነፃ ነው» የሚለውን መጻፍ አልደፈርኩም፤ እሱም ጻፊ አላለኝም።

ዛሬ ለገሃር ያለው አሮጌ ጣቢያ በፎቆች መሃል ቆሟል፣ አዲሱም ባቡር ከከተማው ጫፍ ተነስቶ አባዬ ሳያውቀው በተሠራ ሐዲድ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ለእኔ ግን የባቡር ታሪክ ማለት ያ በጨርቅ የተለጠፈ መዝገብ ነው። ቤቴል ክሊኒክ እሠራለሁ፣ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። እማዬ ከአባዬ ሞት በኋላ እህቷ ጋ አገር ቤት ገብታለች፤ ዓርብ ዓርብ ትደውልና መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «በአንቺ በኩል ደወለ?» ነው። ዛሬ ስልኬ የት እንዳለሁ በየደቂቃው ያውቃል። ድሮ ግን ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪገባ እራቱን የማይቀምስ አንድ ሰው ነበር።

ያን የሐብሐብ ቀን አምሽቼ ነበር የገባሁት። ደረጃውን ወጥቼ፣ በራሴ ቁልፍ ከፍቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ መዝገቡን ዘረጋሁና ሰዓቴን ጻፍኩ። «ደርሻለሁ» አልኩ። ጎረቤት እንደ ኮልፌዎቹ «ባቡሩ ገባ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ሁለት ቀርተዋል» እለው ነበር፤ በዚህ ሕንፃ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም።